ሰላም ብሎ የገባው

ሥራዬ መፈተሽ ነው። ቦሌ ውስጥ አንድ ሕንፃ በር ላይ እቆምና የሚገቡትን ሴቶች ቦርሳ አያለሁ። ወንዶቹን ባልደረባዬ ይፈትሻል፣ ሴቶቹ የእኔ ናቸው። ቦርሳውን ከፈት፣ እጄን ሰደድ፣ ወገባቸውን ዳሰስ አደርግና «ግቢ የኔ እናት» እላለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ስለቀረ ከዚህ የተሻለ አልጠበቅኩም። ይህንንም ያገኘሁት ባሌ ከሞተ በኋላ ነው።

በር ላይ ብዙ የቆመ ሰው አንድ ነገር ያውቃል። የሚያልፈን የሚደናገጠው ሰው አይደለም፣ እሱን ዓይን ቶሎ ይይዘዋል። የሚያልፈን ሰላም የሚለን ነው። «እንዴት አደርሽ እናቴ፣ ልጆችሽ ደህና ናቸው?» ብላ ትከሻዬን ነካ የምታደርገኝን ሴት ቦርሳ ከፍቼ አላውቅም። እጄ ራሱ ያፍራል። ደግ ሰው መጠርጠር ነውር ነው ብለን አድገናል።

የልጄ በሽታም እንዲህ አድርጎ እንደገባ የነገረችኝ አንዲት ሐኪም ናት። እዚያ እደርሳለሁ።

ልጄ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ገርጂ አንድ የአውሮፕላን ቲኬት የሚሸጥ ቢሮ ውስጥ ትሠራ ነበር። ታላቋ ወንድ ነው፣ ዱባይ ነው ያለው። እኔና እሷ ጎሮ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ እንኖራለን፣ መኝታው ለእኔ፣ ሳሎኑ ለእሷ። አንድ ክረምት እግሬን አሳከከኝ እያለች ቆዳዋ እስኪቆስል ታክ ጀመር። ቁንጫ ነው ብዬ ፍራሹን ፀሐይ ላይ አወጣሁ። ከዚያ ላብ መጣ፣ አንሶላዋ ተጨምቆ የሚንጠባጠብ። ቀሚሷ ሰፋት። በመጨረሻ አንገቷ ላይ፣ ከአጥንቱ ከፍ ብሎ፣ የማያም እብጠት አገኘን። መጀመሪያ የእጢ ቲቢ ነው ተብሎ ኪኒን ዋጠች። አልሄደም። ከእብጠቱ ቆርጠው መረመሩት።

ውጤቱን የነገሩን ለእኔና ለታላቅ ወንድሜ ነው። ሐኪሙ ወደ ኮሪደሩ ጠርቶን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረን። ልጄ አሥር እርምጃ በማትሞላ ርቀት አግዳሚ ላይ ቁጭ ብላ ስልኳን ትነካካ ነበር። ወንድሜ እጁን ግድግዳው ላይ ደገፈና «እሷ እንዳትሰማ» አለ። ሐኪሙም ራሱን ነቀነቀ፣ የለመደው ነገር ነው። ክፉ ወሬ ለባለቤቱ በድንገት አይነገርም። ወረቀቱ ላይ አጎቷ ፈረመ። ለእሷ «የእጢ መድኃኒት በደም ሥር ይሰጥሻል» አልናት። እሺ አለች።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ውስጥ ያ ቃል አልተነሣም። ፀጉሯ ሲረግፍ «መድኃኒቱ ጠንካራ ስለሆነ ነው» አልኳት። እሺ አለች። ሻሽ ገዛችና አሳምራ አሰረችው። እኔ ሰው ሊጠይቃት ሲመጣ ከበታች ያለው ደረጃ ላይ ወርጄ እቀበላለሁ። ፊታቸውን እፈትሻለሁ ማለት ይቀላል። ዓይኑ የቀላውን «ተጠረግ» እላለሁ፣ ከንፈሯን የምትመጠውን «እባክሽ እዚሁ መጠሽ ጨርሺ» እላለሁ። «አምሮብሻል በሏት። ወፍረሻል ግን አትበሏት፣ ታውቅባችኋለች።» እንዲህ መክሬ አስገባቸዋለሁ። ሁሉም ፈገግ ብሎ ይገባል፣ ፈገግ ብሎ ይወጣል፣ ደረጃው ላይ ያለቅሳል።

መድኃኒቱ ሲያልቅ እብጠቱ ጠፍቶ ነበር። ስለት አስገባሁ። ጥቂት ወራት ቆይቶ፣ ጠዋት ሻሿን ስታስር በመስታወት ውስጥ አንገቷን አየሁት። እንደገና መጥቷል። እሷም እኔ እንዳየሁ አየችና ሻሿን ወደ ታች ሳብ አደረገችው።

ሌላ ሆስፒታል ሄድን። እዚያ ያገኘናት ሐኪም ወጣት ሴት ናት፣ ከልጄ ብዙ አትበልጥም። ልጄን ከመረመረች በኋላ እኔን ለብቻዬ አስቀርታ ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች።

«እናቴ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?» አለችኝ።

ነገርኳት። ሳቀች፣ ግን የንቀት አልነበረም።

«እንግዲያውስ ይገባዎታል። ሰውነታችን እንደ እርስዎ ያሉ ፈታሾች አሉት። ደም ውስጥ እየዞሩ ሕዋሱን ሁሉ ይዳስሳሉ። የተበላሸ ካገኙ ይገድላሉ። ይሄ በሽታ ግን አይዋጋቸውም። ያናግራቸዋል።»

«በምን አፉ ዶክተር?»

«በኬሚካል። ፈታሹ ላዩ ላይ እንደ እጅ የተዘረጋ ነገር አለው። ጤነኛ ሕዋስ ያንን እጅ ሲጨብጠው ‹የቤት ሰው ነኝ፣ ተወኝ› ማለት ነው። ፈታሹም ይተወዋል። ባይኖር ኖሮ የራሳችንን አካል ይጨርሰው ነበር። ካንሰሩ ያቺን ሰላምታ ተምሯታል። አልፎ ተርፎ ዙሪያውን ሌላ ኬሚካል ይረጫል፣ የተቆጣውን የሚያበርድ። ከፈታሾቹም አንዳንዱን ወደ ራሱ ስቦ ሌሎቹን ‹ተረጋጉ፣ ምንም የለም› እንዲልለት ያደርገዋል።»

ትከሻዬን የሚነኩት ሴቶች ትዝ አሉኝ። እጄን ቀሚሴ ላይ ጠረግኩ።

«ያ እብጠት» አለች፣ የራሷን አንገት እየነካች፣ «በዚህ በሽታ አብዛኛው ካንሰሩ አይደለም። የታመሙት ሕዋሶች መሀል ላይ ጥቂት ናቸው። ሌላው በሙሉ ፈታሽ ነው። መጥተው ከበው ቆመዋል። ግን አይነኩትም።»

«ታዲያ ለምን መጡ?»

«ጠርቷቸው ነው።»

የሚደበቅ ነገር መስሎኝ ነበር እስከዚያ ድረስ። በጠባቂ ተከቦ የሚኖር አልመሰለኝም።

ከዚያ ስለ አዲሱ መድኃኒት ነገረችኝ። በሽታውን አይመታም አለች። የፈታሹን እጅ ይሸፍነዋል፣ እንደ ጓንት። ሰላምታው አይደርሰውም፣ ስለዚህ ቦርሳውን ይከፍታል። ለጥቂት ሰው የሚሆን መድኃኒት ሆስፒታሉ አግኝቷል፣ ልጄም ትገባበታለች። ተነሥቼ ጉልበቷን ልስም ስል ያዘችኝ።

«ይቆዩ። እጁ የተሸፈነ ፈታሽ አንዳንዴ የቤቱንም ሰው ይመታል። ሳንባ፣ አንጀት፣ ቆዳ። ቶሎ ከተደረሰበት ይመለሳል፣ ካልተደረሰበት አደገኛ ነው። ስለዚህ ትንሽ ሳል፣ ትንሽ ተቅማጥ፣ ትንሽ ሽፍታ፣ ሁሉን ያኔውኑ ልትነግረኝ ይገባል። ምን እንደሚሰጣት የማታውቅ ልጅ ምኑን ትነግረኛለች? ሳታውቅ አልጀምርም።»

«አጎቷ ይፈርማል።»

«የታመመው አጎቷ አይደለም።»

«ብትሰማ ትሞትብኛለች፣ ዶክተር። ተስፋ ትቆርጥና አልወስድም ትላለች።»

«እስከ ሰኞ ይንገሯት» አለች። «ካልቻሉ እኔ እነግራታለሁ። ቢቻል ግን ከእናት አፍ ይሻላል። ከሰኞ በላይ ቦታውን ማቆየት አልችልም።»

ከመገናኛ ጎሮ ታክሲው ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ረዳቱ «ሒሳብ» አለ። ሒሳብ ከፈልኩና ዘጋሁት። ቤት ገብተን ድንች ስትልጥ አጠገቧ ቆምኩ። «ምን ፈለግሽ?» አለችኝ። «ሻይ ላፍላልሽ ወይ ልልሽ ነው።» «አሁን ጠጣን እኮ እማዬ።» በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ። ብነግራት ትሰበራለች፣ ባልነግራት መድኃኒቱ ያልፋታል። ክፍሉ ጠበበኝ። መስኮቱን ከፈትኩ፣ ብርድ ነው ብላ ዘጋችው። ኩሽና ስሄድ ድምፅዋ ይከተለኛል፣ ደረጃ ላይ ስወርድ ጎረቤት «እንዴት ናት?» ይለኛል። «ደህና ናት» እላለሁ። የምሸሽበት ጠፋኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ጨነቀኝና ከእኛ በታች የሚኖሩትን እትዬን አማከርኩ። ከቀበሌ ቤት ጀምሮ አብረውን ያሉ የእድራችን ታላቅ ናቸው። መርዶ ሲኖር የሚነግሩት እሳቸው ናቸው፣ የባሌንም የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ነገሩን በሙሉ ስነግራቸው እያዳመጡ ነጠላቸውን ያስተካክሉ ነበር።

«አንቺ አትችይውም» አሉኝ። «እናት እንዲህ ያለውን በአፏ አታወጣም። ለእኛ ተዪው። ወንድምሽን አነጋግራለሁ።»

ከላዬ ሸክም የወረደ ነበር የመሰለኝ። እንዴት ነው የምትነግሯት ብዬ አልጠየቅኩም። ሊያነሣልኝ የመጣ ሰው አገኘሁ፣ በቃኝ።

እሑድ ሊነጋጋ ሲል በሩ ተንኳኳ። እኔ መታጠቢያ ቤት ነበርኩ። ሳሎን የምትተኛው እሷ ስለሆነች የከፈተችው እሷ ናት። ፎጣ ይዤ ስወጣ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ ቆማ አየኋት፣ ኮሪደሩ ደግሞ በሰው ተሞልቷል። ፊት እትዬ፣ ከጎናቸው ወንድሜ፣ ከኋላ የእድሩ ሴቶችና ወንዶች እስከ ደረጃው ድረስ። ሁሉም ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀዋል።

እትዬ ክፉ ወሬ የሚነገርበትን አንድ መንገድ ብቻ ያውቃሉ። ማልዶ፣ በኅብረት፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ። ሌላ መንገድ ማንም አስተምሯቸው አያውቅም፣ እኔንም።

ልጄ ግን እንዲህ ያለውን በር አንዴ ከፍታው ታውቃለች። ድሮ በቀበሌ ቤት ሳለን፣ የሰባት ዓመት ሕፃን ሆና፣ ለአባቷ መርዶ የመጡትን እነዚሁኑ ሰዎች የተቀበለችው እሷ ነበረች።

«ወንድሜ ነው» አለች። አልጮኸችም መጀመሪያ። «ወንድሜ ነው አይደል?» አለችና በሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ያወጣችው ድምፅ እስከ ታች ድረስ ወረደ።

በየፎቁ በር ተከፈተ። አንደኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤታችን ለማን እንደሆነ እንኳ ሳትጠይቅ ደረቷን እየደቃች «ወይኔ ወንድሜን» እያለች ወጣች። የእድሩ ዕቃ ጠባቂ ከመኪና ማቆሚያው ሆኖ ወደ ላይ ተጣራ፦ «ድንኳኑ እዚህ ይተከል ወይስ ከጀርባ?»

«ዝም በል አንተ፣ ሰው አልሞተም» አሉት እትዬ በመስኮት።

«ታዲያ ምን ሆናችሁ ነው?»

እኔ ወለሉ ላይ ወድቄ ይዣታለሁ። «ደህና ነው፣ ወንድምሽ ደህና ነው» እላታለሁ።

«አትዋሺኝ።»

«በሞተው አባትሽ፣ ደህና ነው።»

«ሁልጊዜ ደህና ነው ነው የምትዪው» አለችኝ። ዓይኔን እያየች። ስንት ጊዜ ያንን ቃል እንዳወጣሁት ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አሁን እውነት ሆኖ ስፈልገው የሚገዛልኝ ጠፋ።

ስልኳን አንሥታ ደወለች። ዱባይ ከእኛ ቀድሞ ይነጋል፣ ወንዱ ልጄ ወደ ሥራ ሊሄድ ሸሚዙን እየቆለፈ ብቅ አለ።

«ምነው? ምን ሆናችሁ?»

አንድ ሁለት ጊዜ ተነፈሰች። «ምንም። ድምፅህን ልስማ ብዬ ነው» አለችውና ዘጋችው። ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች። ቀና ብላ ሰዉን አየች።

«ማን ነው ታዲያ የሞተው?»

እትዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ሰው ሆኖ የማይታመም የለም። እንጨት ይሰበራል፣ እግዜር ግን የሰበረውን…»

«እትዬ፣ ስለ እኔ ነው የመጣችሁት?»

ወንድሜ ጫማውን ያያል።

«ካንሰር አለብሽ ልትሉኝ ነው ይህ ሁሉ ሰው?»

ያ ቃል በቤታችን ውስጥ ሲነገር የመጀመሪያው ነበር። ጣሪያው አልወደቀም።

«እሱን እኮ አውቃለሁ» አለች።

«ከመቼ?» አልኳት።

«ከመጀመሪያው መርፌ በፊት። የመድኃኒቱ ስም ፕላስቲኩ ላይ ተጽፏል፣ ጉግል አደረግኩት። የእጢ መድኃኒት ፀጉር ያረግፋል እንዴ እማዬ?»

«ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ደረጃው እኮ ያስተጋባል። ‹ወፍረሻል አትበሏት› ስትዪ እሰማለሁ። እንዲያ ስትደክሚ እያየሁ አውቃለሁ ልበልሽ?» ከዚያ ወደ በሩ ዞረች። «ግቡ እንግዲህ፣ እዚያ ቆማችሁ አትቀሩም። ድንኳኑን ግን ይመልሱት፣ ገና ነኝ።»

ወንድሜ ሳቀ፣ ሳቁ መሀል ላይ ወደ ልቅሶ ተለወጠበት።

ገቡ። ሶፋው፣ ፍራሿ፣ ወለሉ፣ ሁሉም ሞላ። ልጄን መሀል አድርገው ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ተቀመጡ። የሚናገር የለም፣ የሚሄድም የለም። ኩሽና በር ላይ ቆሜ ሳያቸው ዶክተሯ ስለ እብጠቱ ያለችው ትዝ አለኝና ውሃ ልቅዳ ብዬ ዞርኩ።

ሰኞ ራሷ ፈረመች። ዶክተሯ ለእኔ የነገረችኝን ነገረቻት፣ ልጄ እየደጋገመች ትጠይቃለች፣ በእንግሊዝኛም ይነጋገራሉ። ከዚያ እኔ በዚህ ሁሉ ጊዜ ልጠይቅ ያልደፈርኩትን ጠየቀች።

«ባይሠራስ?»

መውጣት ፈለግኩ። በሩ ከዶክተሯ ጀርባ ነው፣ በመሀላቸው ካላለፍኩ መውጫ የለኝም። ቁጭ ብዬ ሰማሁት።

«ብዙዎችን ረድቷል። ሁሉንም አይደለም። አንቺን ከየትኛው እንደሚያደርግሽ አላውቅም» አለቻት። ልጄ ራሷን ነቀነቀችና እጅጌዋን ሰበሰበች። ጠብታው ሲወርድ አየሁት፣ ውሃ ነው የሚመስለው።

ሰው እውነት ከወጣ በኋላ ይቀላል ይላል። እኔን አልቀለለኝም። ድሮ «ደህና ነኝ» ስትለኝ፣ ውሸት ቢሆን እንኳ፣ አንድ እንቅልፍ እተኛበት ነበር። አሁን ምንም እንዳትደብቅ ታዝዛለች። «እማዬ፣ ሆዴን ቆረጠኝ።» «እማዬ፣ ሳል መሰለኝ።» እያንዳንዷን ስትነግረኝ ፈገግታዬ በልማዱ ይመጣል፣ ትቆጣኛለች። «እንደሱ አትሳቂብኝ» ትላለች። ፊቴን የት እንደማደርገው አላውቅም።

ሥራ ቦታም ተለወጥኩ። ያቺ ትከሻዬን የምትነካኝ ሴት አንድ ጠዋት «እንዴት አደርሽ እናቴ» ስትለኝ ቦርሳዋን ያዝኩ። ዚፑን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ዣንጥላ፣ የሕፃን ዳይፐር፣ የተቆረሰ ዳቦ በላስቲክ።

«ዛሬ ምን አደረግኩሽ?» አለችኝ። ከልቧ ነው ያዘነችው።

«ይቅርታ የኔ እናት» አልኳት። ባልደረባዬ ዞር ብሎ አየኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታዋ አጭር ነው።

ወንድሟ ከዚያ ጠዋት ጀምሮ አላረፈም። ለምን ደወለች፣ ከጀርባ የሚያለቅሰው ማን ነበር ይላል። ልጄ እንዳልነግረው አስምላኛለች።

«ኮንትራቱን ጥሎ ይመጣል። እዚህ መጥቶ ምን ያደርጋል፣ ከእነሱ ጋር ሶፋ ላይ ሊቀመጥ?»

«አንቺንም ደብቄሽ አይደል ያን ሁሉ ያመጣሁት?»

«እሱ ሌላ ነው።»

«ምኑ ነው ሌላ?»

ሻሿን አንገቷ ላይ ጠምጥማ ቅንድቧን ኳለች፣ ብርሃን ያለበት መስኮት አጠገብ ተቀመጠች፣ ደወልንለት። ሳቀች፣ ቀለደችበት። ከዚያ ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝና ከማይታይበት ጎን ሆና እግሬን በእግሯ ረገጠችኝ።

«እማዬ» አለኝ ወንዱ ልጄ፣ «እውነቱን ንገሪኝ። ደህና ናት?»

ስልኩ ጥግ ላይ የራሴ ፊት በትንሹ ይታየኛል። ፈገግታው ሳልጠራው መጥቶ ተቀምጧል።

«ደህና ናት» አልኩት።

«እንዲህ ፊትሽን ሳየው ነው ልቤ የሚያርፈው» አለኝና ተሰናበተኝ።

ስልኩ እንደተዘጋ ልጄ እግሯን ከእግሬ ላይ አነሣች። ቁርጭምጭሚቷን ማከክ ጀመረች። መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ ኋላ በጥፍሯ። የበሽታው ይሁን የመድኃኒቱ አላወቅንም። እሷም ቀና ብላ አየችኝ፣ እኔም አየኋት፣ ማናችንም ፈገግ አላልንም። ስልኩ በእጄ ነበር። የዶክተሯን ቁጥር ፈልጌ ደወልኩ።